ከማን ትስማው?

በየቤታችን ስለ ብዙ ነገር ይወራል። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግና ለቅሶ፣ ስለ ዕድርና ዕቁብ ሲነሣና ሲጣል ይመሻል። ልጆቻችንም ከጎናችን ቁጭ ብለው ይህን ሁሉ ይሰማሉ፤ የዘመዶቻችንን ጠብና ዕርቅ ሳይቀር ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ነገር ግን ሴት ልጃችን ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ በገዛ አካሏ ላይ ሊደርስ ስላለው ነገር አንድ ቃል የሚነግራት አይገኝም። እናት፣ «አክስቷ ትነግራታለች» ብላ ትተወዋለች። አክስት ደግሞ የእናት ድርሻ ነው ትላለች። አባት ጉዳዩ እርሱን የሚመለከት አይመስለውም። አስተማሪውም ከፍ ካለ ክፍል ስትደርስ በሥነ ሕይወት ትምህርት ታገኘዋለች ይላል። አካሏ ግን ከፍ ያለ ክፍል እስክትደርስ አይጠብቃትም።

የማወራው ስለ ወር አበባ ነው። እስቲ መጀመሪያ የስሙን ነገር ላንሣ። በቋንቋችን አንዱ ስሙ አበባ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሚያምር ስም አይገኝለትም። ሁለተኛው ግዳጅ ነው፤ ይህም የማይቀር ግዴታ እንደ ማለት ይመስለኛል። ሦስተኛው አደፍ ነው፤ ይኸኛው «እድፍ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። አንዲት ልጅ ነገሩን መጀመሪያ በየትኛው ስም እንደ ሰማችው አካሏን የምታይበትን ዐይን ይለውጠዋል እላለሁ። እኔ በምሠራበት ፋብሪካ ግን ከሦስቱ አንዱንም የሚጠራ የለም፤ «አሞኛል» ነው የምንባባለው። ሴት ሁሉ በየወሩ በሽተኛ ናት ማለት ነው!

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው የጥቅምት ወር ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ቁራጭ ወረቀት ነው። እኔ በአንድ የልብስ ፋብሪካ በስፌት መኪና ላይ 22 ዓመት የሠራሁ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጨረሻዋ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ወረቀቱ እንደሚለው የሳይንስ አስተማሪዋና የሴት ተማሪዎች ክበብ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ልጃገረዶች ስለ ጉርምስናና ስለ ወር አበባ ትምህርት ሊሰጡ አስበዋል፤ ስለዚህም ወላጆች ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተገኝተው እንዲመክሩበት ተጠርተዋል።

በቀጠሮው ቀን ተገኘን። የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀመጥን። የመጣነው አብዛኛዎቻችን ሴቶች ስንሆን ወንዶቹ ስድስት ወይም ሰባት ቢሆኑ ነው። አስተማሪዋ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው። የመጡበትን ጉዳይ በአጭሩ ካስረዱ በኋላ ሐሳብ እንድንሰጥ ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ።

መጀመሪያ የተነሡት አንድ አባት ናቸው። ጨዋና ልጆቻቸውን በሥርዓት የሚያሳድጉ ሰው መሆናቸውን ሰፈሩ ያውቃል። «ልጆቻችንን የላክነው ሂሳብና ቋንቋ እንዲማሩ ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ጆሮ ይህን ለመስማት አልበሰለም። የተኛ ነገር መቀስቀስ ይሆናል። ዕድሜዋ ሲደርስ ተፈጥሮ ራሷ ታስተምራታለች» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናትም፣ «እኛን ማን አስተማረን? አድገን ወልደን ከብደን የለም ወይ?» ሲሉ አገዟቸው። ብዙዎቻችን ሳቅን። ሳቁ ግን የመስማማት ብቻ አልነበረም፤ ማፈርም ነበረበት።

አስተማሪዋ አልተቆጡም። የተማሪዎችን የስም መጥሪያ ከፍተው፣ ስም ሳይጠሩ፣ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን እየቀሩ የሚመለሱ ልጃገረዶች እንዳሉ አሳዩን። «ሲመለሱ ምን ሆነሽ ነው ብዬ ብጠይቅ ራስ ምታት ይሉኛል። አንዳንዷም እዚሁ ክፍል ውስጥ ይደርስባትና ሹራቧን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ደወል ተደውሎ ሁሉም እስኪወጣ ከዴስኩ አትነሣም። አባቴ፣ ተፈጥሮ ታስተምራታለች ያሉትን ሰምቻለሁ። ተፈጥሮ ደሙን ታመጣለች እንጂ ምን እንደሆነ አትነግራትም» አሉ።

በዚህ ጊዜ በር አጠገብ ቆመው የነበሩ አንድ ሰው እጃቸውን አወጡ። የጭነት መኪና ሹፌር መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። «ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት» ብለው ጀመሩ። «ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አምና ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ሦስት ቀን ተኛች። ፈተናም አመለጣት። ሆዴን ነው አለችኝ። ጤና ጣቢያ ልውሰድሽ ስላት አለቀሰች። ጎረቤታችን ገብታ ካነጋገረቻት በኋላ ነው ነገሩን የነገረችኝ። ልጅቱ እሞታለሁ ብላ እኮ ነበር የተኛችው! እንደ እናቷ ደም ፈሷት እንደምትሞት ነው ያሰበችው። እኔስ ብሆን ምን ልበላት ኖሯል? ማን አስተምሮኝ? ለእርሷም ለእኔም የሚነግረን ከተገኘ እግሩን እስማለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

እኔ በበኩሌ የእኒህን ሰው ንግግር ስሰማ በፋብሪካችን አጠገቤ የምትሰፋ አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። ተወልዳ ያደገችው በገጠር ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ አበባዋን ስታይ ለእናቷ ተናገረች። እናቷ ግን፣ ደም የሚመጣው ወንድ ከነካ በኋላ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ «ማን ነው?» እያሉ ገረፏት። ይህ እምነት ዛሬም በየቦታው አልጠፋም። ልጅቱ ማንንም አታውቅም፤ የምትሰጠው ስም የላትም። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት አስቀሯት፤ ዓመት ሳይሞላ ዳሯት። «አበባ ያየች ልጅ ቤት አትቀመጥም» ነበር ምክንያቱ። ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ሆኖም አበባ ማየትን ለትዳር መድረስ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ሕጉን ከማንበቡ በፊት የልጅቱን ልብስ ነው የሚያነበው። ጓደኛዬ እናቷን አትከስስም። «እርሷንም ማንም አልነገራት» ትላለች። እኔ ግን ይህን ስትል ሁልጊዜ መቀሱን ጠበቅ አድርጋ ስትይዝ አያታለሁ።

ለመሆኑ ለልጃችን የሚነገራት ምንድን ነው? እናቶች የሚፈሩትን ያህል ረጅምም አስቸጋሪም አይደለም።

ሴት ልጅ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ጡቷ መጎጥጎጥ ይጀምራል። የመጀመሪያው አበባ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ በሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጡቷን ያየች እናት፣ «ገና ናት» የምትልበት ምክንያት የላትም። አንዳንዷ በዘጠኝ ዓመቷ፣ አንዳንዷ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ታያለች፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። በየወሩ ማሕፀን ፅንስ ቢመጣ ብሎ ውስጡን በደምና በስስ ሥጋ እንደ ምንጣፍ ያለብሳል። ፅንስ ካልተፈጠረ ምንጣፉ አያስፈልግምና ተፍቆ ይወጣል። የወር አበባ ማለት ይኸው ነው። ከቁስል የሚወጣ ደም አይደለም፤ መርዝም ቆሻሻም አይደለም። ልጅቱ ብዙ ደም የፈሰሳት ይመስላታል እንጂ በጠቅላላው ጥቂት የሾርባ ማንኪያ የሚሞላ ነው።

ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ 28 ቀን ነው ይባላል፤ ነገር ግን ልክ 28 ቀን የሚሆንላቸው ጥቂቶች ናቸው። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት በተለይ ይዛባል፤ አንድ ወር ዘልሎ በሌላው ሊመጣ ይችላል። ይህን ያልተነገራት ልጅም እናቷም በከንቱ ይጨነቃሉ። ቀኑን በደብተሯ ጀርባ ምልክት እያደረገች እንድትይዝ ማስተማር መልካም ነው። የሆድ ቁርጠት ሲኖር ሞቅ ያለ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ ሆድ ላይ መያዝ፣ ትኩስ ነገር መጠጣትና እንቅስቃሴ ማድረግ ይረዳል። ሕመሙ ከትምህርቷ የሚያስቀራት፣ ደሙ ከሰባት ቀን የሚያልፍ፣ ወይም በየሰዓቱ ጨርቅ የሚያስለውጥ ከሆነ ግን «የሴት ነገር ነው፣ ቻዪው» ማለት አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቷትም ያላየች እንደዚሁ ትታይ።

አንድ ነገር አለ፤ እናቶች ሁሉ ሊዘልሉት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። አበባ ማየት የጀመረች ልጅ ማርገዝ ትችላለች። እንዲያውም እንቁላሉ ከመጀመሪያው ደም ቀድሞ ሊወጣ ስለሚችል፣ ገና አበባ ሳታይ ማርገዝም አለ። ይህን የማታውቅ ልጅ ራሷን የምትጠብቅበት ዕውቀት የላትም። «ዐይኗን መክፈት ነው» ላሉት አባት የምመልሰው ይህንን ነው፤ መንገድ የምታቋርጥ ልጅ ዐይኗን ጨፍና እንድትሻገር የሚመክር አባት አላየሁም።

እኔ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቼ የነገርኳቸው ልብስ ስናጥብ ነው። ልብስ ማጠብ ለዚህ ወሬ ይመቻል፤ እጅ ሥራ ይይዛል፣ ዐይን ለዐይን መተያየት የለም፣ ልጅም እንደ ልቧ ትጠይቃለች። ታላቋ «ያማል?» ብላ ጠየቀችኝ። ታናሿ ግን «ወንዶቹ ለምን አይመጣባቸውም? ፍርደ ገምድል ነው!» አለች።

የእምነትና የባህል ነገርም ይነሣል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለመግባቷ የኖረ ሥርዓት ነው፤ እስላም እናቶችም በዚያ ጊዜ ሶላትና ጾም እንደማይኖርባቸው ያውቃሉ። ትምህርት ቤት በዚህ ውስጥ የሚገባበት ጉዳይ የለውም፤ ሥርዓቱን የየእምነቱ አባቶች ያስረዱ። ልጅቱ ልትለየው የሚገባት ግን አንድ ነገር አለ፤ ከቅዳሴ መራቅና ከትምህርት መቅረት አንድ አይደሉም። በቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ደግሞ፣ በጎንደር አካባቢ ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ ሴቲቱ ሰባት ቀን ከመንደሩ ፈንጠር ባለች ጎጆ ትቆይ ነበር፤ ጎጆዋም የመርገም ጎጆ ትባላለች። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላ በፎቅ ቤት ውስጥ ያ ጎጆ የሚሠራበት ቦታ አልተገኘም፤ በዕድሜ የገፉት እናቶች በዚህ ብዙ ተቸግረው ነበር። ስሙ የሚያስፈራ ቢሆንም በዚያች ጎጆ ውስጥ ሴቶች ከወፍጮና ከእንስራ ያርፉ፣ እርስ በርስም ይጨዋወቱ ነበር ይባላል። ታናሺቱ ከታላቂቱ የምትሰማበት ቦታ ነበራት ማለት ነው። የእኛ የከተማ ልጅ ይህም የላት።

ወደ ስብሰባችን ልመለስ። ከሹፌሩ በኋላ ብዙ ሴቶች ተናገሩ። ነገሩ ከትምህርቱ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ዞረ፤ መዞሩም ተገቢ ነው። የልጃገረዶቹ መጸዳጃ ቤት መወርወሪያ የለውም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ ትቆማለች። ቧንቧው ያለው ከግቢው ማዶ በወንዶቹ የኳስ ሜዳ በኩል ነው፤ ውኃውም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። እንግዲህ አስተማሪዋ ሞዴስ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ መለወጥ አለበት ብለው ቢያስተምሩ፣ ልጅቱ የት ገብታ፣ በምን ውኃ ታጥባ፣ የወለቀውንስ የት ትጥለው? አንዲት እናት፣ «መጀመሪያ መወርወሪያ፣ ከዚያ ትምህርት» ብለው ሁላችንንም አስጨበጨቡን። መወርወሪያው በዚያው ሳምንት ተገጠመ። የገጠመውም ያው ሹፌር ነው፤ የገዛውም በራሱ ገንዘብ። ክዳን ያለው በርሜልም በወላጅ መምህራን ኅብረት በኩል ተገዛ። የቧንቧው ነገር ግን እስካሁን በደብዳቤ ላይ ነው።

ሞዴስ ስል አንባቢ ይወቅልኝ፤ ይህ ስም መጀመሪያ የአንድ የውጭ ፋብሪካ ምርት ስም ነበር፤ ፋብሪካው ተረስቶ ስሙ በእኛ ዘንድ ለሁሉም ዓይነት ቀርቷል። በሱቅ የሚሸጠው በጥቁር ፌስታል ወይም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው፤ ባለ ሱቁ ሳይጠየቅ ይጠቀልለዋል። ዳቦ እንዲህ ተጠቅልሎ አያውቅም። ዋጋውም በየጊዜው እየጨመረ ነው። ሁለት ልጃገረዶችና አንዲት እናት ባሉበት ቤት ለሦስት ሰው በየወሩ መግዛት ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እናት የራሷን ትታ በጨርቅ ትውላለች። እ.ኤ.አ. በ2020 መንግሥት ከውጭ በሚገባው ሞዴስ ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ አውርዶ፣ ለጥሬ ዕቃውም ቀረጥ አንሥቶ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ ከዚህ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጨማሪ እሴት ታክሱን አነሣች፤ በ2017 ደግሞ መንግሥት ለተማሪ ልጃገረዶች በነፃ እንዲያድል በሕግ ደነገገች። ስኮትላንድም በ2020 ለሚያስፈልጋት ሴት ሁሉ በነፃ እንዲሰጥ ሕግ አወጣች። በእኛም አገር ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁመው፣ ስለ ጉዳዩም በየትምህርት ቤቱ ትምህርት እንዲሰጥ በመድከማቸው፣ በ2012 ዓ.ም. ከአሜሪካው ሲ ኤን ኤን ቴሌቪዥን የዓመቱ ጀግና የሚለውን ሽልማት አግኝተዋል። የዓለም የወር አበባ ንጽሕና ቀንም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ይታሰባል፤ ለበዓሉ የአውሮፓውያኑ ወር 28ኛ ቀን የተመረጠው በዚያው በ28 ቀኑ ዑደት ምክንያት ነው።

ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግለው ነገር የእኔ ሙያ ነውና ጥቂት ልበልበት። በስብሰባው ላይ እኔ የተናገርኩት ስለዚሁ ብቻ ነው፤ ስለ ሌላው ሌሎች ከእኔ የተሻለ ተናግረዋል። ጨርቅ ጥንት እናቶቻችንም የያዙት ነገር ነው፤ ጉዳቱ ከጨርቁ ሳይሆን ከአያያዙ ነበር። ልጆቹ የሚሰፉት እንዲህ ነው። ለላዩና ለታቹ የታጠበና የለሰለሰ አቡጀዲ ወይም ያረጀ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። ናይለን ያለበት ጨርቅ ግን አይሆንም፤ አይመጥም፣ ያቃጥላልም። ለውስጡ ፍላኔል ይሻላል፤ ከሕፃን መጠቅለያ የተረፈ በየቤቱ አይጠፋም። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል፣ መካከሉ ጠበብ ብሎ ዳርና ዳሩ እንደ ክንፍ ወጣ ያለ ይሆናል። የውስጡ ፍላኔል ሦስት ወይም አራት እጥፍ ሆኖ መካከሉ ላይ ብቻ በቀጭኑ ይሰፋል፤ ዳር ድረስ ከወፈረ ሲኬድ ይታወቃል። ክንፉ ከፓንቱ ሥር ተጠምዞ በአንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ ይያያዛል። ስፌቱ በእጅም ይቻላል። ለአንዲት ልጅ ስድስት ቢሠራላት ሦስቱ በእጥበት ላይ ሲሆኑ ሦስቱን ትይዛለች።

አጥበን የምናደርገው ላይ ነው ችግሩ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ ነው፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል፣ አይለቅም። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ! ብዙዎቻችን ግን ጨርቁን ከሌላ ልብስ ሥር ደብቀን፣ ወይም አልጋ ሥር አንጠልጥለን እርጥብ እንዳለ ነው የምናወጣው። እርጥብ ጨርቅ ያሳክካል፣ ያቆስላል፣ በሽታም ያመጣል። ክረምት ላይ ፀሐይ ስትጠፋ በካውያ መተኮስ ይቻላል። እኔ በግቢያችን ገመድ ላይ የልጆቼን እንደ ካልሲ አሰጣለሁ። የመጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቼ አዩኝ፤ በሁለተኛው ወር አንደኛዋ መጥታ ልኩን ጠየቀችኝ።

ስለ ወንዶች ልጆችም ተነሥቶ ነበር። አስተማሪዋ እንዳሉት፣ አንዲት ልጅ ቀሚሷ ላይ ምልክት ሲታይ የሚስቁት ነገሩን ያላወቁት ናቸው። ስለዚህ ለእነርሱም አንድ ወንድ አስተማሪ ስለ ድምፃቸው መጎርነን፣ ስለ ጢማቸውና ስለ እኅቶቻቸውም እንዲነግሯቸው ተወሰነ። አንድ አባት፣ «ለእኔም ቦታ ይያዝልኝ» ብለው ቀለዱ፤ ቀልድ ይሁን እውነት እስካሁን አልገባኝም።

ትምህርቱ ከኅዳር ጀምሮ በየረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይሰጣል፤ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ እየመጡ አስተማሪዋን ያግዛሉ። ወላጅ ካልፈቀደ ልጅ አትገባም፤ ይህ በቃለ ጉባኤ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ የተቃወሙት አባት አልፈረሙም። ልጃቸው ረቡዕ ሲሆን ብቻዋን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሦስት አራት ጓደኞቿ ከብበዋት ወደ ቤት ይሄዳሉ። በመንገድ ላይ ምን እንደሚነግሯት ልጄን ጠየቅኋት። «ሁሉንም» አለችኝ፤ ቆየት ብላም፣ «ግን አንዳንዱን እያጋነንን» ስትል ጨመረች። ይህን ለእኒሁ አባት ባለቤት ገበያ ላይ ስንገናኝ ነገርኳቸው። አዳምጠው ዝም አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የስፌቱን ልክ ሊወስዱ ቤቴ መጡ፤ የተረፈ ፍላኔልም ይዘው ነበር።

ስፌቱን የምናስተምረው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሲሆን መርፌና ክር ከእኔና ከሥራ ጓደኛዬ ነው። የጎደለን ፍላኔልና ጠፍጣፋ ቁልፍ ነው። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ያላችሁ እናቶችም በየአቅራቢያችሁ ላለው ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ክበብ ብትሰጡ ይወስዱታል፤ ታጥቦ ብቻ ይሁን።